ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የተደረሰ ለቅሶ

ጋሽ በላይ ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ አየሩን ያማርራሉ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን፣ ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን በቀጥታ «ሮማን፣ ስንዱ አረፈች» አሉ። ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን፣ የምሠራበት ጫማ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ አንዲት ደንበኛ አንድ እግሯን በካልሲ ብቻ ዘርግታ ቦቲ እስካመጣላት ትጠብቃለች። ቦቲውን እንዳቀፍኩ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ መጣብኝ። ድሮ አንድ የሙዚየም ጥበቃ የእትዬ ስንዱን ንፍሮ ይዞ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ሲንቆራጠጥ ታየኝ። ደንበኛዋ ፍለጋ ስትመጣ እያለቀስኩ ስስቅ አገኘችኝና ቦቲውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ለካችው።

እትዬ ስንዱን ላላወቀ ሰው ከየት እንደምጀምር ይቸግረኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነገር ሲከር፣ ክፍል ውስጥ ተናገሩት የተባለ ነገር መዘዝ አመጣባቸውና ከአገር ወጥተው ጄኔቭ ገቡ። ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሥራ አገኙ፣ እዚያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ እንዲነቃ ተብሎ የተሠራ ነው። ባቡር ውስጥ አብሬያቸው ስሄድ እሳቀቅ ነበር፤ ማውራት ሲጀምሩ ፈረንጆቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሌላ ፉርጎ ይሄዳሉ። ነገር ሲጨርሱ ደግሞ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ያራግፋሉ፣ ጠመኔ ይዘው የቆዩ ይመስል። ጠመኔ ከነኩ ስንት ዓመታቸው!

ሰው ሲያስተዋውቃቸው «አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ» ካለ አለቀለት። «ነበሩ? ሞቻለሁ እንዴ?» ይሉታል፤ ሰውየው የሚገባበት ይጠፋዋል። ግን ምን ያድርጉ፣ ዲፕሎማቸው እዚህ አገር አልሠራም፣ ፈረንሳይኛው ገና አልገራላቸውም፣ ዕድሜም ሄዷል። የሚፈልጉት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለኔ ደጋግመው ነግረውኛል። «አንቺ ልጅ፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን ሰው ፊት ቆሜ አስተምራለሁ። ከዚያ በኋላ እግዜር እንዳሻው ያድርገኝ» ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ያየኋቸው ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር፣ የሐበሻ ማኅበራችን በሚከራየው አዳራሽ ነው። እኔ ገና እንግዳ ነበርኩ፤ ጥግ ይዤ ሻይዬን እጠጣለሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ በላይ ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ከረባታቸው የማይፈታ ሰው። እንደተለመደው አንዱ «እሺ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለ። ይህ ጥያቄ እኛ ጋ ስለ አገር ቤት ማለት ነው፤ ጋሽ በላይም የሰሙትን ሊያወሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያው ቅጽበት እትዬ ስንዱ ከነካፖርታቸው ከጄኔቭ ባቡር ወርደው ከተፍ አሉ።

«አዲስ ነገርማ አለ! በር ተገኘ!» አሉ።

«የምን በር?» አሉ ጋሽ በላይ።

«እዚሁ ዙሪክ፣ ኦፔራው አጠገብ! ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ሲቆፈር። አምስት ሺህ ዓመት የሆነው የእንጨት በር፣ ሳይበሰብስ! ጭቃው አየር አያስገባማ፣ አቅፎ ጠበቀው።»

«እባክሽ ስንዱ፣ አገራችን በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ አንቺ ስለ ፈረንጅ ሳንቃ ታወሪያለሽ?»

«ሳንቃ አይደለም በላይ፣ በር ነው። በር ካለ ቤት አለ፣ ቤት ካለ ሰው አለ፣ ሰው ካለ ደግሞ ይመለከተኛል» አሉና ጣታቸውን አራገፉ።

ከዚያ ያደረጉትን እስከዛሬ አልረሳውም። ወደ አዳራሹ በር ሄደው ወለል አድርገው ከፈቱት። ክረምት ነው፣ ብርዱ ዘው አለብን። «ዝጊው!» ብለን ጮህን ሁላችንም። እሳቸው በሩን እንደያዙ ዞር ብለው፣ «አያችሁ? በዙሪክ ሐይቅ ዳር፣ በዚያ ዘመን፣ አንዲት እናት ይህንኑ በር ከፍታ ስትወጣ ልጆቿ ከኋላ ‹ዝጊው!› ብለው ጮኸዋል። ቋንቋቸውን አናውቅም፣ ያሉትን ግን እናውቃለን» አሉ። እኔ ሻይዬን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወደ ባንሆፉ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ስሸኛቸው፣ ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ እንደ ልጅ ቀስ ብለው፣ «ሰሙኝ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

ማኅበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ ያስተምር ነበር። እትዬ ስንዱ ጋሽ በላይን አላስቆም አላስቀምጥ ብለው በወር አንድ ቅዳሜ ተሰጣቸው። የደስታቸው ነገር! ከጄኔቭ እዚህ ደርሶ መመለስ ማለት ግማሽ ቀን ባቡር ላይ ነው፣ ለሳቸው ግን ጎረቤት ቤት እንደመሄድ ነበር። ልጆቹም ወደዷቸው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ። «ልጄን አቡጊዳ ይማር ብዬ ብልከው ሐይቅ ውስጥ ስለተተከለ ምሰሶ እያወራ መጣ፣ ያውም በዶይች!» አለች አንዷ። ዶይች የምንለው ጀርመንኛውን ነው። ጋሽ በላይ ስብሰባ ጠርተው፣ ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው የራሳቸው አገር ታሪክ መሆኑን አስረዱ። እትዬ ስንዱ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። «እዚህ የተወለደ ልጅ ሁለት አገር አለው። የሁለቱንም አፈር ይወቅ! ባዕድ ነህ ሲሉት እኔ ከበሩ ጀምሮ አውቀዋለሁ ይበላቸው!» አሉ። ሰሚ አላገኙም። ቅዳሜያቸው ተወሰደ።

በጣም ተናድጄ ጣቢያው ላይ ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ጋሽ በላይን ስረግም፣ እትዬ ስንዱ ሐዲዱን ያያሉ። በመጨረሻ፣ «ተይው፣ በላይ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሮሚ፣ ከክፍል ስወጣ ይሄ ሁለተኛዬ ነው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ያን ቀን ጣታቸውን አላራገፉም።

እጅ የሚሰጡ መስሏችሁ እንደሆነ አላወቃችኋቸውም። ጄኔቭ ልጠይቃቸው ስሄድ ከባቡር ጣቢያ በቀጥታ የሚወስዱኝ ወደ ሐይቁ ዳር ነው። እሳቸው ሰፈር፣ የሕዝብ መዋኛ ከመሠራቱ በፊት፣ አርኪዮሎጂስቶች ውኃው ስር ብዙ ሺህ ዓመት የሆናቸው የቤት ምሰሶዎች አግኝተዋል። «ጎረቤቶቼ ናቸው» ይላሉ እጃቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው። «በቋንቋዬ ቀልደው አያውቁም፣ ፔርሚ፣ መኖሪያ ፈቃድ፣ አሳዪን አይሉኝም፣ ዲፕሎማሽ የታለ አይሉኝም። እድር ብንገባ ደስ ይለኛል።» ፀሐይ የሚሞቁ ፈረንጆች ዞር ዞር እያሉ ያዩናል። እኔ ልብሳቸውን ጎተት አድርጌ «እትዬ ስንዱ፣ ድምፅዎን ቀነስ» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ!

አንድ ቀን ታዲያ ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። «ሮሚ፣ ሰማሽ? ሴትየዋ ተገኘች!»

«የጠፋች ሰው አለ እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

«ዙሪክ፣ ያውም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ! ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተቀብራ። ግንድ ቦርቡረው፣ ለምድ አልብሰው፣ ዶቃዋን አስረው ነው የቀበሯት። ሰማያዊና ቢጫ የብርጭቆ ዶቃ፣ ማር የመሰለ አምበር፣ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ፣ ያለበት!»

ዘመኗ የኬልቶች ዘመን ነው፣ ሮማውያን ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት። እትዬ ስንዱ ስለዚች ሴት ያልጠየቁት፣ ያላስነበቡኝ ነገር የለም። ከዚያ ጌጦቿ ዙሪክ ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ መታየታቸውን ሲሰሙ እንደገና ደወሉ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። ጥቁር ልበሺ።»

«ማን ሞተ?»

«ሴትየዋ ናታ! የቀበሯት ዘመዶቿ አልቀዋል። ከመሬት ስትወጣ ደግሞ ሁሉ ፎቶ አነሳት እንጂ ነፍስ ይማር ያላት የለም። ነውር አይደለም? ለቅሶ እንደርሳለን።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባንሆፉ ላይ ሳገኛቸው ግን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው፣ በሁለት እጃቸው አንድ ትልቅ ዕቃ ታቅፈዋል። «ምንድን ነው?» አልኩ። «ንፍሮ። ለቅሶ ባዶ እጅ ይኬዳል?» አሉኝ። ወይ ጉዴ! እኔ ያን ጊዜ ዜግነት አመልክቼ እየጠበቅሁ ነበር፤ ሙዚየም ውስጥ በንፍሮ ስከሰስ ታየኝ።

የፈራሁት አልቀረም። መግቢያው ላይ ጥበቃው ዕቃውን አይቶ ምግብ ክልክል ነው አለ። ስተረጉምላቸው «ምግብ አይደለም በይው፣ ለቅሶ ነው» አሉ። እንዴት አድርጌ ነው ይህንን በዶይች የምለው? እንደምንም አልኩት። ሰውየው ሙልጭ ያለ ራሱን አከከ፣ ዕቃውን ተቀበለ፣ መልሶ ሊሰጠን ሞከረ፣ ከዚያ ንፍሮውን እንደታቀፈ ኃላፊ ጠራ። መጣች፤ ሽበቷ በአጭሩ የተቆረጠ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ኡርሱላ ትባላለች። ዶቃዎቹን ከጭቃ አጽድተው ካወጡት ባለሙያዎች አንዷ መሆኗን ስትናገር እትዬ ስንዱ ትክ ብለው አዩዋት።

«በቃ፣ የሐዘኑ ባለቤት እሷ ናት» አሉኝ። ቀረብ ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና አንገታቸውን ደፍተው፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍስ ይማር» አሏት።

እያፈርኩ ተረጎምኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። መነጽሯን በጣቶቿ ይዛ፣ ዶቃዎቹን ስታጸዳ ለሟቿ ማን ይሆን ያሰረላት እያለች በየቀኑ ታስብ እንደነበር፣ እስከዛሬ ግን ማንም እንዲህ ብሏት እንደማያውቅ ነገረችን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጥበቃው ንፍሮውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እትዬ ስንዱ መስታወቱ ፊት ቆሙ። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ሴትየዋ የሷ ሳይነበብላት ልትቀር ነው? «ስሟን አናውቅም» ብለው ጀመሩ በዚያ ድምፃቸው፣ «ስለዚህ ከእጇ እንጀምራለን። እጇ ላይ የነሐስ አምባር አለ። አጥንቷ ሸክም አያውቅም ብለዋል የመረመሯት። እህልና ጣፋጭ ነገር ትወድ ነበር፣ ንፍሮዬንም ባልጠላችው ነበር። አርባ ዓመት ገደማ ኖራለች፤ የሚወዷት ነበሩ፣ ባይወዷትማ ይህን ሁሉ ጌጥ ከሷ ጋር አይቀብሩትም ነበር። ታዲያ እሷ ሸክም ካልተሸከመች ማን ተሸከመላት? ውኃዋን የቀዳችላት ሌላ ሴት አለች፤ ዶቃ የላትም፣ አልተገኘችም። ለሷም ነፍስ ይማር።»

እኔ ወደ ዶይች እየመለስኩ ነበር፤ ቀና ስል ሰው ከቦናል። ከክፍሉ ወዲያ ማዶ የነበሩት ሁሉ መጥተው ቆመዋል፤ አንዲት አሮጊት ባርኔጣዋን አውልቃለች። እትዬ ስንዱ ጨርሰው ጣታቸውን አራገፉ። ኡርሱላ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ሴት ሥራዋ ምንድን ነው?» አለችኝ። «አስተማሪ ናቸው» አልኳት። ነበሩ አላልኩም።

ንፍሮውን ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጠን በላነው፣ ጥበቃውም ቆንጠር አድርጓል። ስንወጣ ኡርሱላ አንድ እሑድ ከሰዓት እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ በአማርኛ እንዲያስተምሩ ጋብዛቸው ነበር፤ እኔ እየተረጎምኩ። ሰው ከመጣ ይቀጥላል፣ ካልመጣ ግን አለቆቿ ደግመው አይፈቅዱላትም። እትዬ ስንዱ እሺ አሉ፣ ትራም ላይ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዙኝ። «ሮሚ፣ ባይመጡስ?» አሉ። እኔም ያንኑ ነበር የፈራሁት። ለጋሽ በላይ ስነግራቸው «እስቲ እናያለን» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እሑዱ ደረሰ። ወንበር ተደርድሯል። ኡርሱላና አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ከፊት ግን ባዶ። የተባለው ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። የሐበሻ ቀጠሮ ነው ልላት ፈልጌ ወንበር ማስተካከል ጀመርኩ። ኡርሱላ ሰዓቷን አየች፣ አፍራ እጇን ሸሸገች። እትዬ ስንዱ ከጎን ባለው ክፍል ብቻቸውን ቆመዋል፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጫማቸውን ወልውለው። በበሩ ክፍተት ሳያቸው «መጡ?» አሉኝ በዓይናቸው። አልመጡም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ቆሜ ነው የሞትኩት።

እንዲህ ሆነን ሳለ ከደረጃው ጫጫታ ተሰማ። የኛ ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሴ ረዝሞባቸው ኖሯል! በነጭ ነጠላ፣ ከነሕፃን ጋሪያቸው፣ ከትራም ወርደው ጎረፉ። ከፊት ጋሽ በላይ፣ ከረባታቸውን እያስተካከሉ። ያቺ ስለ ምሰሶው ያጉረመረመችው እናትም ልጆቿን አስከትላ መጥታለች። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ከሌላ ክፍል መጣ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ በሩ ተከፈተና እትዬ ስንዱ ገቡ።

ማንም አላዘዘን። አገር ቤት የተማረ ሰው አስተማሪ ሲገባ ቁጭ አይልም፣ አጥንታችን ውስጥ ነው ያለው። ጋሽ በላይ ብድግ አሉ፤ እኛም ሁላችን ብድግ፣ ወንበሩ ሁሉ ተንጓጓ። ከኋላ ኡርሱላና ባልደረቦቿ ምን ተፈጠረ ብለው ግራ ተጋብተው እነሱም ቆሙ። እትዬ ስንዱ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። አቤት ያን ቀን እንዴት አስተማሩ! በሩን ከፈቱት ዘጉት፣ ሴትየዋን አስነሥተው አራመዷት፣ ምሰሶዎቹን ተከሉ፤ እኔ ለኡርሱላና ለባልደረቦቿ ስተረጉም ላብ በላብ ሆንኩ። ሲጨርሱ ጭብጨባው ጥበቃውን አስሮጦ አመጣው። ጋሽ በላይ ቀስ ብለው ቀረቡና፣ «ስንዱ፣ ልጆቹን... ቅዳሜ ብታስተምሪልን» አሉ። «አስተምራለሁ፣ ግን በሩንም ጨምሬ ነው» አሉ እትዬ ስንዱ። «ከነመዝጊያው!» አሉ ጋሽ በላይ፣ ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዛቸው። ጡረታ ወጡ፣ ፈረንሳይኛቸውም ተገራ። ጄኔቭ ውስጥ የፈረንጅ ልጆች በሐይቁ ዳር ሰብስበው «ጎረቤቶቼን ላስተዋውቃችሁ» ሲሉ ሄጄ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ወደ ውኃው ቦን ዡር እያሉ ይጮኻሉ። ወደ ሌላ ፉርጎ የሚሸሽ አልነበረም። ኡርሱላ ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ ትምህርታቸው ላይ ትመጣ ነበር። ከአማርኛ የያዘቻት አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ እትዬ ስንዱ ክፍል በገቡ ቁጥር ደጋግማ የሰማቻት።

የቀብሩ ቀን ጄኔቭ ሄድን። ዘመዶቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ጠይቀውኝ ነበር። ከቀብር መልስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የኛ ሰው፣ አብረዋቸው ልብስ ያጠቡ ሴቶች፣ ያስተማሯቸው የጄኔቭ ልጆች ከነወላጆቻቸው። ንፍሮ ዞሯል። ከትውልድ ቦታና ከዓመተ ምሕረት የሚጀምር ነገር ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። «ከእጃቸው እንጀምራለን» አልኩ። «ቀኝ እጃቸው ላይ ጠመኔ ነበር። እናንተ አላያችሁትም ይሆናል፣ እሳቸው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላስቀመጡትም።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው «መምህርት ስንዱ» ስል ጋሽ በላይ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ብድግ ማለታቸውን ነው። አዳራሹ ሁሉ ተከትሎ ተነሣ። ቆምን። ቆየን። ለካ እንድንቀመጥ የሚያዙን እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ማን ይበለን? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፣ አንዱም አይንቀሳቀስም፣ የአንዳንዱ ትከሻ በልቅሶ ይርገፈገፋል።

ከኋላ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሽበታም ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። አነጋገሯ የተሰባበረ ነበር፣ ድምፁ ግን የሳቸው።

«ተቀመጡ» አለች ኡርሱላ።

ተቀመጥን።